"ታግዙናላችሁ?" ያለው የከሰል ማእድን ልጅ

ባለፈው ሰኔ ለለቅሶ ቆቦ ሄጄ ነበር፣ በሶስተኛው ቀን ስንመለስ ሚኒባሱ ጎማ ሊቀይር ቆመና እኔም ወረድ ብዬ ሜዳው ላይ የሚያርስ አንድ ትራክተር ጋ ጠጋ አልኩ። ሞተሩ ላይ በላቲን ፊደል ኡርሱስ ይላል። ሹፌሩን "ወንድሜ ይሄ የየት ሀገር ነው?" ስለው "የፖላንድ ነው ጋሼ፣ የተገጣጠመው ግን አዳማ ነው" አለኝ። እኔ ስራዬ የማሽን ጥገና ስለሆነ እንዲህ ያለ ስም ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም፣ ማታ ኮምቦልቻ ገብቼ ስፈልገው መጀመሪያ ያገኘሁት ሀገራችን በፈረንጅ 2013 ከዚሁ ኩባንያ 3 ሺህ ትራክተር በ90 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት መዋዋሏን ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፣ በ1976 የኡርሱስ ፋብሪካ ሰራተኞች ስራ አቁመው ወጥተው ዋርሶ አጠገብ የሚያልፈውን የባቡር መስመር ዘጉ ይላል፣ ምክንያቱ ደግሞ የስጋና የስኳር ዋጋ ነው፣ በዛን ጊዜ ሀገሪቱን ይመራ የነበረው ሰውዬ ደግሞ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሰል ሲቆፍር ያደገ ሰራተኛ ነው።

በቃ እዛ ላይ ተያዝኩ። የማእድን ቆፋሪ መሪ በሆነበት ሀገር፣ ያውም "የሰራተኛው መንግስት" በሚባልበት ሀገር፣ ሰራተኛ እንዴት ሀዲድ ይዘጋል? ሁለት ወር ሙሉ ከስራ ስመለስ ስለዚህ ሰውዬ ሳነብ ነው ያመሸሁት፣ ለእማዬም ማታ ማታ እየነገርኳት እሷም እየጠየቀችኝ ነው እዚህ የደረስኩት። እማዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ ሀያ ምናምን አመት የሰራች ሴት ናት፣ እና የሷ ጥያቄዎች ካነበብኩት ሁሉ ይበልጡብኛል፣ እየቆየሁ አመጣቸዋለሁ። (ከላይም ከታችም ያሉት አመተ ምህረቶች፣ በኛ አቆጣጠር ካላልኩ በቀር፣ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሰውዬው ኤድዋርድ ጌሬክ ይባላል። የተወለደው በ1913 ደቡብ ፖላንድ ሶስኖቪየትስ የሚባል ከተማ አጠገብ ያለ የከሰል ቆፋሪዎች ሰፈር ነው። አራት አመት ሲሆነው አባቱ ማእድን ውስጥ በአደጋ ሞተ። እናቱ ሌላ ባል አገባችና በ1923 ቤተሰቡ ስራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ፈረንሳይ ተሰደደ፣ ያው እዛም ስራው ከሰል ነው፣ እና ልጁ በ13 አመቱ ማእድን ገባ። አስራ ሶስት! እማዬ ፋብሪካ ስትገባ አስራ ሰባት አመቷ ነበር፣ የዚህን ልጅ እድሜ ስነግራት "ውይ አላህ፣ እናቱ እንዴት ጨክና ላከችው" አለች፣ ከዛ ትንሽ ዝም ብላ "ባትልከው ምን ይበሉ ኖሯል" ብላ ራሷው መለሰች።

ፈረንሳይ ውስጥ በ1931 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፣ በ1934 የማእድን ሰራተኞች አድማ ላይ ተሳትፈሀል ተብሎ ከሀገር ተባረረ። ፖላንድ ተመልሶ ወታደር ሆኖ አገልግሎ ስራ ሲያጣ በ1937 ደግሞ ቤልጅየም፣ እዛም ከሰል። የሁለተኛውን የአለም ጦርነት እዛው ነው ያሳለፈው፣ ፖላንድ የተመለሰው በ1948 በ35 አመቱ ነው። ይሄን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ሌሎቹ የዛን ጊዜ የምስራቅ አውሮፓ መሪዎች ብዙዎቹ ወይ ሞስኮ ተምረው ወይ እስር ቤት ውስጥ ፓርቲ ሆነው ነው የመጡት፣ ይሄኛው ግን እድሜውን ግማሽ በላይ የኖረው ምእራብ አውሮፓ ውስጥ ነው፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ፈረንሳይና ቤልጅየም ያለ ቆፋሪ ቅዳሜ ማታ ምን ገዝቶ ቤቱ እንደሚገባ በአይኑ አይቷል። እኔ ኋላ ላይ ያደረገውን ሁሉ የምረዳው ከዚህ ተነስቼ ነው። ኮሚኒስት ነው ግን ሰራተኛ ጥሩ ሲኖር አይቷል፣ እና ያንን ለራሱ ሰው ማምጣት ፈለገ።

ሀገሩ ገብቶ በፓርቲው ውስጥ ቶሎ አደገ፣ እየሰራ በተጓዳኝ ተምሮ በ1954 ክራኮቭ ከሚገኘው የማእድን አካዳሚ ኢንጂነር ሆኖ ተመረቀ፣ ከ1957 እስከ 1970 ደግሞ የካቶቪትሴ ክፍለ ሀገር የፓርቲ አንደኛ ጸሀፊ ነበር። ካቶቪትሴ ማለት የፖላንድ ከሰልና ብረት ያለበት ቦታ ነው። እዛ አካባቢ ኑሮ ከሌላው ፖላንድ ይሻል ነበር ይባላል፣ ሱቁም እቃ አያጣም፣ ግንባታውም ይፈጥናል፣ ስፖዴክ የሚባለውን የበረራ ሳህን የሚመስል ግዙፍ አዳራሽ የጀመሩት በሱ ጊዜ ነው። እና ሰዉ "ይሄ ሰውዬ ስራ ያውቃል" ይለው ነበር።

ወደ ስልጣን ያወጣው ግን ደም ነው። ከሱ በፊት የነበረው መሪ ጎሙልካ ቁጥብ ሰውዬ ነው፣ ከውጭ ብድር አይወድም፣ ደሞዝም አይጨምርም። ዲሴምበር 12 1970፣ የፈረንጆች ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የምግብ ዋጋ ጨመረ። በባልቲክ ባህር ዳር ያሉ የመርከብ ፋብሪካ ሰራተኞች ግዳንስክ፣ ግዲኒያ፣ ሽቼቺን ላይ ወጡ፣ ወታደር ተኮሰባቸው፣ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። ግዲኒያ ላይ የተገደሉት አንዳንዶቹ በጠዋት ከባቡር ወርደው ወደ ስራ እየገቡ የነበሩ ናቸው፣ ባለፈው ቀን ማታ ወደ ስራ ተመለሱ ተብለው። ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ በረንዳ ወጣሁ። ዲሴምበር 20 ጎሙልካ ተነሳና ጌሬክ ገባ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው እኔን የማይለቀኝ። ጃንዋሪ 1971 ላይ ሽቼቺን ያሉት ሰራተኞች እንደገና አድማ መቱ። አዲሱ መሪ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና መከላከያ ሚኒስትሩን ይዞ ራሱ ፋብሪካው ውስጥ ገባ። ጃንዋሪ 24 ነው። ወደ 9 ሰአት የሚጠጋ ጊዜ ከሰራተኞቹ ተወካዮች ጋር ቁጭ ብሎ ሰማቸው። የሞቱ ጓደኞቻቸውን አነሱበት፣ ደሞዛቸውን፣ ቤታቸውን፣ ጋዜጣው ወሮበላ ብሎ እንደሰደባቸው፣ ሁሉንም ፊቱ ላይ ነገሩት፣ እሱም እኔም እንደናንተ ሰራተኛ ነኝ፣ ከመሬት በታች ሰርቻለሁ አላቸው። በማግስቱ ግዳንስክ ሄዶ እንደዚሁ አደረገና ንግግሩን ሲጨርስ ጠየቃቸው፣ "እንግዲህ ምን ትላላችሁ፣ ታግዙናላችሁ?" አሉትም "እናግዛለን"። ይሄ ቃል በፖላንድ እስከ ዛሬ ሰው አፍ ላይ አለ። ፕሮፓጋንዳው አሳምሮ ደጋግሞ ስላሳየው ብዙ ሰው ሰልችቶታል፣ ግን መሄዱና መስማቱ እውነት ነው።

እማዬ ይሄን ስነግራት ስኒ እያጠበች ነበር፣ እጇን አቆመች። "ዘጠኝ ሰአት ቁጭ ብሎ ሰማቸው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷ በደርግ ጊዜ አንድ ትልቅ ባለስልጣን ሊጎበኝ መጥቶ ሶስት ቀን ሙሉ ማሽን ሲወለውሉ፣ መሬቱን በሳሙና ሲያጥቡ እንደነበር አጫወተችኝ፣ አዲስ ጋወን ተሰጣቸው፣ በሩ ጋ የጥጥ ብናኝ እንዳይታይ ተጠረገ፣ ሰውዬው በመሀላቸው አለፈ፣ ፈገግ አለ፣ ጭብጨባ፣ ሄደ፣ ጋወኑንም በማግስቱ መልሱ ተባሉ። የሷ አመልካች ጣት ላይ አሁንም ድረስ መስመር አለ፣ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች ስትጎትተው ስትጎትተው ቆዳዋ ውስጥ የሰራው መስመር ነው፣ ስፌት የያዘች ሴት ጣት አይመስልም፣ ቢላ የነካው እንጨት ነው የሚመስለው። አንድም ሰው ያንን ጣት አይቶ እንዴት ነሽ ብሏት አያውቅም። ስለዚህ 9 ሰአቱ ለሷ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ወዲያው ደግሞ ጠየቀችኝ፣ "ከዛስ በኋላ ተመልሶ መጣ?"

ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ፣ መጀመሪያ ስለ ፈታዮቹ ልንገራችሁ ምክንያቱም እማዬ በጣም የወደደችው እሱን ነው። የመርከብ ሰራተኞቹ "እናግዛለን" ቢሉም የምግብ ዋጋው አልተነሳም ነበር። ፌብሯሪ 1971 ላይ ዉጅ የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ላይ ሴቶቹ ስራ አቆሙ። ዉጅ ማለት ከተማው ራሱ በጥጥና በማሽን የተሰራ ነው፣ ፋብሪካዎቹ የጥንት፣ ማሽኑ ያረጀ፣ ሶስት ሺፍት፣ ደሞዙ ከከሰልና ከመርከብ ሰራተኛ በጣም ያነሰ፣ ሰራተኛው ደግሞ አብዛኛው ሴት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያሮሼቪች ሌሊት ፋብሪካቸው ድረስ ሄደ፣ ሴቶቹ ቦርሳቸው ውስጥ ያለውን ልጆቻቸው የሚበሉትን እየነገሩት አለቀሱበት። በማግስቱ፣ ፌብሯሪ 15፣ የዋጋ ጭማሪው እንደሚነሳ ታወጀ። የመርከብ ፋብሪካ ወንዶች ደማቸው ፈሶ ያላገኙትን የፈትልና የሽመና ሴቶች አስመለሱት። እማዬ "ማሻአላህ" ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች።

ከዛ በኋላ ያለው አምስት አመት የጌሬክ ወርቃማ ጊዜ ነው። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ከምእራቡ ተበድረን የምእራቡን ማሽንና ላይሰንስ እንግዛ፣ ዘመናዊ ፋብሪካ እንስራ፣ ፋብሪካው የሚያመርተውን መልሰን ለምእራቡ እንሽጥና ብድሩ ራሱን ይከፍላል። በዛ ላይ ሰራተኛው ደግሞ አሁኑኑ ይብላ፣ ይልበስ፣ መኪና ይንዳ። ከጣልያኑ ፊያት ላይሰንስ ገዝተው ከ1973 ጀምሮ ፊያት 126 የምትባለውን ትንሽዬ መኪና ማምረት ጀመሩ፣ ሰዉ "ማሉህ" ይላታል፣ ትንሹ ልጅ ማለት ነው፣ እስከ 2000 ድረስ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሰርታለች። ኮካ ኮላ ገባ። ዋርሶን ከካቶቪትሴ የሚያገናኘው ፈጣን መንገድ ተሰራ፣ እስካሁን በሱ ስም ነው የሚጠሩት። በጦርነቱ የፈረሰውን የዋርሶ ቤተ መንግስት መልሰው መስራት ጀመሩ። የሰራተኛው እውነተኛ ደሞዝ በአምስት አመት 40 ፐርሰንት አካባቢ አደገ። ይሄን ያገኘ ሰው በኋላ ምንም ይምጣ ምን አይረሳውም፣ ዛሬም ድረስ በእድሜ የገፉ ፖላንዶች ያን ጊዜ የሚናፍቁት ለዚህ ነው፣ እኔ አልፈርድባቸውም።

ትልቁ ስራው ግን ሁታ ካቶቪትሴ ነው፣ የብረት ማቅለጫው። ግንባታው 1972 ተጀምሮ በዲሴምበር 1976 የመጀመሪያው ምድጃ ብረት አወጣ፣ ያውም የተሰራው እሱ ራሱ የተወለደበት አካባቢ ዶምብሮቫ ጉርኒቻ ላይ ነው። የብረት ማእድኑ ከሶቭየት ነው የሚመጣው፣ የሶቭየት ሀዲድ ደግሞ ከፖላንዱ ይሰፋል፣ ድንበር ላይ እያወረዱ መጫን ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ ከድንበሩ እስከ ደቡብ ፖላንድ በሶቭየት ስፋት አንድ ራሱን የቻለ መስመር ዘረጉ። ከ1976 እስከ 1979፣ ወደ 395 ኪሎ ሜትር።

እዚህ ቁጥር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከአዋሽ ተነስቶ በኛ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ ሀራ ገበያ የሚደርሰው ባቡር መስመር ስንት ነው? ወደ 390 ኪሎ ሜትር። ሊሰራ የተዋዋለው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው፣ ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር፣ እሱም በብድር። ርዝመቱ አንድ አይነት ነው ማለት ይቻላል። የነሱ በሶስት አመት አልቆ ዛሬም እቃ ያመላልሳል፣ ጌሬክ ተረስቶ፣ ፓርቲው ፈርሶ፣ ሶቭየት ራሷ ጠፍታ፣ ባቡሩ ግን ይሄዳል። የኛ ሀዲድ ተዘርግቶ፣ ዋሻው ተቦርቡሮ፣ ጣቢያው ቆሞ፣ መጀመሪያ መብራት አልደረሰውም ተባለ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ በ2014 በኛ አቆጣጠር መጀመሪያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የሆኑትን እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ እሁድ ልጄን ይዤ ሀዲዱ ጋ ሄጄ ነበር፣ አምስት አመቷ ነው፣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች፣ ባቡር ሲመጣ በሀዲዱ ይሰማል ብዬ ስለነገርኳት። "አባዬ ጸጥ ነው ያለው" አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ፣ እቅፍ አድርጌ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ይሄን የማነሳው መንግስት ልሳደብ ብዬ አይደለም፣ ነገሩ ስለሚያመኝ ነው። ብድር መበደር ሀጢአት ነው የሚሉ ሰዎች ጌሬክን ሲያነሱ "ሀገሩን በእዳ ሸጠ" ብለው ይዘጉታል፣ እኔ ግን ሳነብ የታየኝ ሌላ ነው። ብድሩ የሰራው ነገር አለ፣ ብድሩ የበላው ነገርም አለ፣ ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል።

የትራክተሩን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1974 ፖላንድ ከማሲ ፈርጉሰን የትራክተር ላይሰንስ ገዛች፣ ኡርሱስን አዲስ ላደርገው ብላ፣ እቅዱ በአመት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ትራክተር ማምረት ነበር። ግን የማሲ ፈርጉሰን ዲዛይን በኢንች ነው፣ ፖላንድ ያለው ማሽን፣ ቡለን፣ ዳዶ፣ መለኪያ በሙሉ በሚሊ ሜትር ነው። ጥገና የሰራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገብቶታል። አንዲት ቡለን ብቻ አይደለችም የምትቀየረው፣ መሳሪያው፣ አቅራቢው ፋብሪካ፣ የሰራተኛው እጅ ራሱ እንደገና መማር አለበት፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ ዶላር ነው። በብዛት ማምረት የጀመሩት እሱ ከስልጣን ከወረደ ከአመታት በኋላ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በሰራሁበት የልብስ ፋብሪካ ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከውጭ የመጣ ማሽን አንዲት ሴንሰር ጎድላው አምስት ወር ቆመ፣ ሴንሰሯ ትንሽ ጣቴን አታክልም፣ ግን በዶላር ነው የምትገዛው፣ ዶላሩ ወረፋ ነው፣ እና በዛ መስመር የነበሩት ልጆች መጀመሪያ ፈቃድ ውጡ ተባሉ፣ ከዛ አትምጡ ተባሉ። ከከላላና ከወረኢሉ የመጡ ልጆች ነበሩ፣ ሶስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ። አንዷ ስትሰናበተኝ "ጋሼ ማሽኑ ሲሰራ ደውልልኝ እሺ" ብላኝ ነው የሄደችው።

ወደ ፖላንድ ልመለስ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ወጣ፣ ምእራቡ አለም ኢኮኖሚው ቀዘቀዘ፣ ፖላንድ ልትሸጥለት ያሰበችው ገበያ ጠበበ። የሰሩት እቃም ቢሆን ምእራቡ ገበያ ላይ ለመወዳደር ጥራቱ አልደረሰም፣ ብዙው ፋብሪካ ደግሞ ሳያልቅ ሌላ ይጀመራል፣ ለማምረት ራሱ ከውጭ መለዋወጫ ይፈልጋል። ሌላም አለ፣ ደሞዝ አደገ ብያለሁ፣ የምግብ ዋጋ ግን ከ1971 ጀምሮ ታስሮ ቆመ፣ ብር ያለው ሰው ስጋ ይገዛል፣ መንግስት ልዩነቱን ይደጉማል፣ ለከብቱና ለአሳማው የሚበላው እህል ደግሞ ከውጭ በዶላር ይገዛል። ማለት ማሽን ሊገዛበት የነበረ ብድር ቀስ እያለ ስጋ ሆኖ ተበላ። የሀገሪቱ እዳ ጌሬክ ስልጣን ሲይዝ 1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር፣ ሲወርድ ከ20 ቢሊዮን በላይ።

አሁን የእማዬ ጥያቄ። ተመልሶ መጣ ወይ?

አልመጣም። ጁን 24 1976 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ላይ ቆሞ የዋጋ ጭማሪ አነበበ፣ ስጋ በአማካይ 69 ፐርሰንት፣ ስኳር 100 ፐርሰንት። ከህዝቡ ጋር እንመካከራለን ተባለ፣ ምክክሩ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ዋጋው ተወስኖ ነው የመጣው። በማግስቱ ጠዋት ራዶም ላይ፣ ፕዎትስክ ላይ፣ ኡርሱስ ላይ ሰራተኛው ወጣ። ራዶም ላይ የፓርቲው ህንጻ ተቃጠለ። እነዛ ትራክተር ሰሪዎች ሀዲዱን የዘጉት ያን ቀን ነው። ማታ ያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ጭማሪው ተነስቷል አለ። ግን የያዟቸውን ሰራተኞች ፖሊስ ግራና ቀኝ ተሰልፎ በመሀል እያሳለፈ በዱላ ደበደበ፣ ብዙዎቹ ከስራ ተባረሩ፣ ታሰሩ። ከአምስት አመት በፊት "እኔም ሰራተኛ ነኝ" ያለ ሰው ነው በዚህ ጊዜ የሚመራው። እማዬ ይሄን ስትሰማ "አንድ ጊዜ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ ካልጠየቀ የመጀመሪያውም ይቀየመዋል" አለች። እኔ ከሁለት ወር ንባብ በኋላ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ለኔ ጌሬክን የጣለው እዳው ብቻ አይደለም፣ ሽቼቺን ላይ የሰማቸው ሰዎች በየአመቱ ሊነግሩት የሚችሉትን ነገር መስማት ማቆሙ ነው። ማሽኑ ቆሟል፣ መለዋወጫ የለም፣ ስጋ በሰልፍ ነው፣ ይሄን የሚያውቀው ፎርማኑና ኦፕሬተሩ ነው፣ እሱ ጋ የሚደርሰው ግን ፕሮፓጋንዳ ብቻ ነበር።

የዛን አመት ኦገስት ስኳር በካርድ ሆነ። የተደበደቡትን ሰራተኞች ለመርዳት ምሁራን ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ምሁሩና ሰራተኛው ተገናኘ። 1979 ላይ ፖላንዳዊው የካቶሊኮች ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሀገሩን ጎበኘ፣ ሚሊዮኖች ወጡ። ጁላይ 1980 ላይ እንደገና ስጋ ተነካ፣ ኦገስት ላይ የግዳንስክ መርከብ ሰራተኞች ስራ አቆሙ፣ በዚህ ጊዜ ግን መንገድ አልወጡም፣ በር ዘግተው ውስጥ ተቀመጡ፣ ከ1970 ተምረዋል። የአድማው መሪ የሌክ ቫዌንሳ ስም አለም ላይ የተሰማው ያኔ ነው፣ ሶሊዳርኖሽች የሚባለው ነጻ የሰራተኛ ማህበር የተወለደውም እዛ ነው። ስምምነቱ የተፈረመው ኦገስት 31፣ ጌሬክ የወረደው በሳምንቱ። ከዛ ከፓርቲው ተባረረ፣ ዲሴምበር 1981 ላይ ወታደራዊ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ከሶሊዳርኖሽች ሰዎች ጋር እሱንም አሰሩት፣ ያሰረው ጀነራል ያሩዜልስኪ ነው፣ ያ በ1971 ሽቼቺን አብሮት የሄደው መከላከያ ሚኒስትር።

የሞተው በ2001 በ88 አመቱ ነው። ቀብሩ ሶስኖቪየትስ ላይ ሲሆን እጅግ ብዙ ሰው ወጣ፣ የማእድን ሰራተኞችም ጭምር። እዳውን ደግሞ ኮሚኒዝም ከወደቀ በኋላ አበዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉን ሰረዙላቸው፣ የቀረውን ፖላንድ ከፍላ የጨረሰችው በ2012 ነው። ይታያችሁ፣ እሱ ከስልጣን ከወረደ 32 አመት በኋላ። እኛ ደግሞ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንድ (በዶላር ከውጭ ገበያ የተበደርነው ብድር) ወለድ ሳንከፍል ቀረን፣ የኛስ በስንት ይሆን ብዬ ልጄን አያታለሁ።

ለእማዬ ይሄን መጨረሻውን የነገርኳት ባለፈው ሀሙስ ነው፣ ሶስተኛው ቡና ላይ፣ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ነበሩ፣ እሳቸውም ሽመና ክፍል የሰሩ ናቸው። ስለ ቀብሩ ስነግራቸው እትዬ "ለምን ወጡለት ታዲያ፣ እዳ ትቶላቸው?" አሉ። እማዬ "ቤት የሰጣቸው እሱ ነዋ፣ መኪናውንም፣ ደግሞ አንድ ቀን ሰምቷቸዋል" አለች። ከዛ ሁለቱ ስለራሳቸው ማውራት ጀመሩ፣ ስለ ሌሊት ሺፍት፣ ሰርቪሱ ቀርቶ በእግራቸው ስለመጡበት ሌሊት፣ አንዷ ጓደኛቸው ማሽን ጋ ቆማ ምጥ ስለያዛት፣ ክር ሲበጠስ ድምጹን ከሀያ ማሽን መሀል ለይተው እንዴት እንደሚሰሙት። እኔ እዛው ቤት ተወልጄ አድጌ ግማሹን ሰምቼው አላውቅም።

"እኛንም ዘጠኝ ሰአት የሚሰማ ካገኘን የምንለው አናጣም" አለችኝ እማዬ ስኒውን እየሰበሰበች። ስለዚህ ቅዳሜ አራት ጡረተኛ ጓደኞቿን ትጠራለች። ቡናና ስኳሩን ገዝቻለሁ፣ ስልኬ ላይ የነበረውን ቪዲዮ ሁሉ አጥፍቼ ቦታ አስለቅቄያለሁ፣ ልጄም እዛው ትቀመጣለች።